የሚያፏጨው ጋን

አፉ የተመረገ ጋን ማንም ሳይነካው ሲያፏጭ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ፤ በውስጡም ጠላ አልነበረም።

ያን ጊዜ ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ደብር ዳዊት የማስደግም ጀማሪ መምህር ነበርሁ። የምኖረው ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ጋር ነው። ሁለቱም በወላጆቼ ዕድሜ ያሉ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ የሚጣሉት በእበት ብቻ ነው። እማወራዋ ጠፍጥፈው፣ ኩበት አድርገው ሊያነድዱት ይፈልጋሉ፤ አባወራው ለጓሮው ገብስ ይሹታል። ያላቸው ደግሞ ሁለት ላም ብቻ ነው፤ እበቱ ለሁለቱም አይበቃም።

አንድ ቀን አባወራው ቆረጡ። “መሬቴን ምድጃው በላብኝ! ከእንግዲህ አንዲት ጭብጥ እበት አትነድም።”

“ታዲያ ጣቴን ላንድድ?” አሉ እማወራዋ። “ወይስ የደብሩን ጥድ ቆርጬ ልወገዝ?”

አባወራው ግን ትእዛዛቸውን አላነሡም።

በዚያው ሰሞን እማወራዋ አውድማ ሊለቀልቁ እበት ከገለባ ጋር በውኃ በጠበጡ። ያለወቅቱ ዝናብ መጣና ውቂያው ቆመ። ዝንብ እንዳይወርረው ብለው ብጥብጡን ባሮጌ ጋን ገለበጡ፤ እጃቸው እንደለመደውም ልክ እንደ ጠላ አፉን በጭቃ መረጉት። ጋኑ ከላሞቹ አጠገብ፣ ከሙቀቱ፣ ተረስቶ ቀረ።

ሰነባብቶ ምርጊቱ ተሰነጠቀና ማፏጨት ጀመረ።

“ጠላሽ ደርሷል፤ ቅጅልን እንጂ!” ብለው አባወራው ቀለዱ።

“መጀመሪያማ ለአንቱ ነው የምቀዳው!” እማወራዋ ይህን እያሉ ስንጥቁን ለማየት ጭራሮ ለኩሰው ቢጠጉ ሰማያዊ እሳት ቧ ብሎ ተነሣ። ጎንበስ ብለው ያዩ የነበሩት አባወራው ጢማቸውን ይዘው ወደ ኋላ ዘለሉ።

“የኔታ! የኔታ! ጠበል ይዘው ይድረሱልን!”

ደረስሁ። ጠበሉን ብረጨው እሳቱ ጠፋ። ጭራሮውን መልሼ ባስጠጋ ግን እንደገና ነደደ። ሰይጣን ቢሆን ኖሮ ከጠበሉ በኋላ ባልቆየ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርሁ። ጠላ ሲፈላ ይተነፍሳል። እበትና ገለባም ታፍኖ ሲሞቅ ይፈላል፤ የእሱ ትንፋሽ ግን ይነድዳል።

አባወራው አዳመጡኝና “እንግዲያው መሬቱን የሚያወፍረውም አብሮ ነድዶ ያልቃላ!” አሉ።

ይህን ለማስረዳት አልቻልሁም፤ አላውቅም ነበርና። “ገብሱን እንጠይቀው” አልሁ።

“ይሁን። ገብሴ ከከሳ ግን ጋኑን እሰብረዋለሁ። ያን ጊዜ፣ የኔታ፣ አማላጅ እንዳይሆኑ!”

የአንጥረኛ ወናፍ የሸክላ አፍንጫ ለምኜ አመጣሁና ከጋኑ አፍ ላይ አቁሜ ዙሪያውን መረግሁ። በአፍንጫው የሚወጣውን ትንፋሽ ለኩሰን ላዩ ላይ ትንሽ ድስት በጉልቻ ብንጥድ ሽሮ አበሰለ። አባወራው “እበት እበት ይላል” አሉ፤ ድስቱን ግን ጠርገው በሉ። ትንፋሹ ሲደክም ዝቃጩን ከጓሮ ጉድጓድ እያጠራቀምን ጋኑን ባዲስ እበት እንሞላለን።

ሰኔ ላይ የጓሮውን መሬት በገመድ ከፈልሁት። በግማሹ ዝቃጩን አፈሰስን፤ በግማሹ አባወራው ያልነደደ እበታቸውን በተኑ። ያን ክረምት እማወራዋ ከእሳቱ ይልቅ ገብሱን ሲጠብቁ ከረሙ። ጋኑ ከተሰበረ የሚቀጥለውን ክረምት በምን እንደሚያበስሉ አያውቁም።

መስከረም ሲጠባ አባወራው ከሁለቱም ወገን እሸት ቆርጠው በመዳፋቸው አሹ፤ ገለባውን እፍ አሉ፤ ፍሬውን አኘኩ።

“የትኛው ይሻላል?” አሉ እማወራዋ በቀስታ።

“ገመዱ ባይኖር አልለየውም ነበር” አሉ አባወራው። በማግስቱ አህያ ጭነው ይፋግ ድረስ ወረዱ፤ ሲመለሱ አህያይቱ አዲስ ጋን ተሸክማለች። እማወራዋ እልል አሉ።

ላም ያላችሁ ሁሉ እናንተም ሞክሩት። እበቱን ከገለባ ጋር በጥብጣችሁ በጋን ገልብጡ፤ የትንፋሽ መውጫ ትታችሁ ከሙቅ ቦታ ምረጉት፤ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሳትለኩሱ ልቀቁት፤ ፊታችሁንም አርቁ። ዝቃጩን ለግማሽ ጓሮ ብቻ አፍስሱና መስከረም ላይ ራሳችሁ ቀምሳችሁ ፍረዱ።