የዘይነባ በርሜል

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ያለው ቤቴ የአጥሩ ብረት ተነቅሎ አንድ ወጣት ሠራተኛ ጠራሁ። ቀልጣፋ ልጅ ነው። ብረቱን በመዳብ ሽቦ ጠፍንጎ ሊያስር ሲል «ኧረ ተው! መሃሉ ላይ ላስቲክ አድርግበት!» ብዬ ጮህኩበት። ግራ ገብቶት አየኝና ላስቲክ ፍለጋ ሄደ። እኔም ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ዘይነባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ነበር። እኔ እዚሁ ከተማ ተኝቼ ሳረፍድ፣ እሷ የበርበሬውን ማሳ አቋርጣ፣ ያን ሁሉ ጭቃ ረግጣ ቀድማኝ ትገኛለች። ለዚህ ባለውለታዋ ደጃቸው የቆመው ትልቅ የብረት በርሜል ነበር። የጣሪያው የዝናብ ውሃ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውሃው እስካለ ድረስ ዘይነባ ወንዝ አትወርድም። በርሜሉ ካፈሰሰ ግን አህያ እየነዳች ውሃ የምታመላልሰው እሷ ናት። ትምህርት ያኔ አበቃ ማለት ነው።

አንድ ዓመት በርሜሉ ተበሳ። መርካቶ የሚነግዱት አጎቷ ለአረፋ ሲመጡ የሚያብለጨልጭ መዳብ ይዘው መጥተው በቡሎን ጣፉት። ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ! መዳብ አይዝግም፤ ስለዚህ በርሜሉም አይዝግም ብለን አረፍን። ክረምቱ ሲገባ ግን መዳቡ ደህና እንደሆነ፣ ዙሪያው ያለው ብረት ቀይ ዱቄት እየሆነ ይረግፍ ጀመር። አባቷ «ይሄ ከመጪው አረፋ አያልፍም። ያኔ ደብተርሽን አስቀምጪና አህያውን ያዢ» አሏት። እኔ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ብረት ሌላ ማዕድን ሲነካው የዝገቱ ነገር እንደሚለወጥ መምህራችን ነግረውን ነበር። ሁላችንም ጻፍን፤ ከክፍል ሳንወጣም ረሳነው። ዘይነባ ግን ቤቷ ሄዳ ሚስማሮች ጨው ውሃ ውስጥ ነከረች፦ አንዱን ብቻውን፣ አንዱን መዳብ ጠምጥማበት፣ አንዱን ደግሞ ካለቀ ባትሪ ድንጋይ በላጠችው ዚንክ ጠቅልላ። ሰነባብታ አባቷን ጠራች።

«ይሄ እንዲህ የተበላው መዳብ የነካው ነው?» አሉ፣ ሚስማሩን እያገላበጡ።

«አዎ አባ። መዳቡ ራሱ ደህና ነው፤ ብረቱን ነው የሚያስበላው። ዚንኩ ግን ለብረቱ ሲል ራሱ ይበላል።»

አባቷ ሚስማሩን መልሰው አስቀመጡ። «ወላሂ እውነትሽን ነው። ግን ወንድሜ ለአረፋ መጥቶ ስጦታው ተነቅሎ ቢያይ ምን እለዋለሁ?»

እኛ ዘንድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዓመት ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ለአረፋ አገሩ የሚገባ ሰው፣ ያመጣውን በቦታው ካላየ ልቡ ይሰበራል።

ዘይነባ መላ አላጣችም። መዳቡን ፈታች፣ ዝገቱን በአሸዋ ፈተገች፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጣ ከስሩ አነጠፈች፣ ቡሎኖቹንም በላስቲክ ጠቀለለች። ከዚያ መዳቡን በሎሚ ወልውላ እዚያው መለሰችው። ብረቱና መዳቡ ጎረቤት ናቸው፤ አይነካኩም። እንዴት ያለች ልጅ!

አረፋ ደረሰና አጎቷ መጡ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ በርሜሉን አንኳኩ። «አያችሁ አይደል? መዳብ ማለት ይሄ ነው!»

እኔ ሳቄ አምልጦኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ዘይነባ «አላህ ይስጥልን፣ አጎቴ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። አባቷ ትክ ብለው አዩዋትና «ሰኞ ትምህርት ቤት እንዳታረፍጂ» አሏት።

ዛሬ ዘይነባ ጉብሬ ውስጥ ታስተምራለች። የሰማችውንማ ሁላችንም አንድ ክፍል ቁጭ ብለን ሰምተናል። እስካሁን የሚደንቀኝ የብረቱንም የአጎቷንም ነገር አብራ ማሰቧ ነው።

ሠራተኛው ላስቲኩን ይዞ ተመለሰ። «ማዘር፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

«እኔማ ኬሚስትሪ ላይ ስተኛ ነበር! የዘይነባ ጓደኛ ነኝ» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።