መድኃኒት የሆኑት ሽማግሌ

በምርምር ማዕከሉ ምድር ቤት አይጥ የሚያረቡትን ሽማግሌ ሁሉም «አባባ» ይላቸዋል። ዓለም አይጥ ለማጥፋት ድመት ይቀልባል፤ እሳቸው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየበሉ አይጥ ሲያስታምሙ ኖረዋል።

አይጦቹን ለምርምር የምትጠቀምባቸው ዶክተር የምታጠናው ከስንት አንድ ሕፃን ላይ የሚታይ በሽታ ነው። ሰውም አይጥም ዘረመሉን ሁለት ሁለት አድርጎ ይወርሳል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ለዚህ በሽታ መነሻ በሆነው ዘረመል ግን የእናትየው ከመጀመሪያውም ዝም ያለ ነው፤ የሚሠራው የአባትየው ብቻ። እሱ ከተበላሸ ልጁ ዝልፍልፍ ብሎ ይወለዳል፣ ጡት መሳብም ያቅተዋል። አባባ ይህን የሰሙ ዕለት ቀጥ ብለው የተበላሸውን ዘረመል ወደ ተሸከመው ወንድ አይጥ ሄዱ።

«አንተ አመጣኸው፣ ልጆችህ ከፈሉት! ትንሽ አታፍርም?»

አይጡ ጢሙን ያጸዳ ነበር።

ባለፈው ዓመት የተወለዱት በሽተኛ የአይጥ ግልገሎች ሳምንት ሳይሞላቸው አለቁ። ዘንድሮ ዶክተሯ ሁሉንም አዲስ መድኃኒት ወጋቻቸው፤ እነሱም ወፈሩ፣ ፀጉር አበቀሉ። ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ያላወቀችው ነገር ቢኖር አባባ ጠዋት ሰው ሳይገባ፣ በምሳ ሰዓትና ማታ ሰው ሲወጣ፣ እያንጎራጎሩ በዓይን መድኃኒት ብልቃጥ ወተት ጠብ ጠብ እንደሚያደርጉላቸው ነው። መርፌ የተወጋ ሕፃን ባዶ ሆዱን ሲውል ማየት አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። ዝም አይነቅዝም ብለው ለማንም አልተናገሩም።

አንድ ቀን አንዲት እናት አንገቱ ያልጸና ልጇን ታቅፋ መጣች። አባባን በነጭ ጋዋን ስታይ ሐኪም መሰሏት።

«መድኃኒቱ ሠራ አሉኝ። ለልጄ መቼ ይደርስለታል?»

አባባ አፈሩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወደ ዶክተሯ ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ያዳናቸው መድኃኒቱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምን አድርገው?»

«ወተት እያጠጣሁ።»

ዶክተሯ ክው አለች። አባባ መባረራቸው ነው ብለው ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮሚቴው ግን የማባረሪያ ቅጽ አልነበረውም፤ ያለው የምርምር ቅጽ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ሞላ። «የሕክምናው ዓይነት፦ አባባ። መጠን፦ በቀን ሦስት ጊዜ። የጎንዮሽ ጉዳት፦ ማንጎራጎር።» ሦስት ፕሮፌሰሮች ፈረሙበት።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት በሽተኛ ግልገሎች ተወለዱ።

«ለስድስቱ መድኃኒቱ ብቻ፣ ለስድስቱ እርስዎ ብቻ» አለች ዶክተሯ።

«የትኞቹን ነው የማጠጣው?»

«ዕጣ ያውጡ፣ አባባ፤ መርፌውንም እርስዎ ይውጉ። እኔ ካወቅሁ ውጤቱ ይበላሻል።» ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ተደብቀው ሁሉንም ቢያጠጡ የምትታለለው ያቺ እናት ናት፤ ይህን አባባ አሳምረው ያውቃሉ። ዕጣውን አወጡ። የደረሳቸውን ስድስቱን አጠጡ። የቀሩትን ስድስቱን ደግሞ አንድ በአንድ እያነሱ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ መርፌያቸውን ወግተው ክብደታቸውን መዝነው ጻፉ።