ለዳክዬዋ «በሞቴ»

የወይንሐረግ ከጄኔቭ ዙሪክ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባቡር የተጓዘችው ቁርስ ሳትቀምስ ነው። ሆን ብላ። ዮሐና ደውላ «ሐይቁ ዳር ምሳ እንበላለን፣ ወፎቼንም አሳይሻለሁ፤ ቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ እጠብቅሻለሁ» ስላለቻት፣ ሆዷን ባዶ አድርጋ ጄኔቭ ዳር ካለው ሰፈሯ፣ ከቬርኒየ ወጣች።

ሁለቱ የተዋወቁት ድሮ ጄኔቭ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ነው። ያኔ ዮሐና አልበላም ያለን ሰው አገጩን ይዛ የምታጎርስ ሴት ነበረች። ከዚያ ዙሪክ ገብታ ሃያ ዓመት አረጋውያን ስትጦር ኖረች። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ አቅራቢ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወፍ ተመልካች ሆነች።

ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ዮሐና ምሳ ዕቃውን ከፈተች። የቅቤው ሽታ ሲመጣ እንግዳዋ ወደ ምሳ ዕቃው ጠጋ አለች።

«ትበያለሽ?»

«ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች የወይንሐረግ፣ እንደ ወጉ። መቼም ሰው በአንድ ጥሪ እጁን አይሰድም። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀች ሐይቁን ታይ ጀመር።

«እሺ» አለች ዮሐና። በላችም።

እሺ? ምን ማለት ነው እሺ? የወይንሐረግ ምራቋን ዋጠች። ዮሐና እያላመጠች መነጽሩን አቀበለቻት፦ «ያቺን ጥቁሯን ወፍ እያት፣ ግንባሯ ነጭ የሆነውን። ምን እያደረገች ነው?»

«እየበላች» አለች የወይንሐረግ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ይኼኔ አንዲት አንካሳ ዳክዬ ከውሃው ወጣች። ዮሐና «መመገብ እንኳ ክልክል ነው» እያለች ግራ ቀኝ አየችና ከድፎ ዳቦዋ ቆረሰች። ዳክዬዋ ዳቦውን ነካ አድርጋ ዞረች።

«ነይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ቅመሺ። አንዴ ብቻ። በሞቴ።»

የወይንሐረግ መነጽሩን ከዓይኗ አወረደች።

«በሞቴ? ለዳክዬ?»

«ምን ሆንሽ?»

«እኔን አንዴ ጠይቀሽ እሺ አልሽ። እሷ ፊቷን አዙራብሽ በሞትሽ ትለምኛታለሽ።»

«በልቻለሁ አልሽ እኮ ወይንዬ። እዚህ አገር አይ ያለ ሰው አይ ነው።»

«እኔ አገር ነኝ እንዴ? ሦስት ሰዓት የተጎለትኩት ቋንጣ ላሸት ነው? የወፍ ድምፅ ከማዶ የምትለዪ ሴት፣ ሆዴ አጠገብሽ ሲጮህ አትሰሚም? የድሮዋ ዮሐና ብትሆን አፌን ፈልቅቃ ታጎርሰኝ ነበር። እሷን ብዬ ነው የመጣሁት። ከሌለች ንገሪኝና ባቡሬን ልያዝ።» ቦርሳዋን አነሳች።

ዮሐና የተረፈውን ፍርፍር ጠቅለል አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«እንኪ።»

«አልበላም።»

እጇ ሊመለስ ሲል መሃል ላይ ቆመ። ሌላኛው እጇ ሄዶ የወይንሐረግን አገጭ ያዘ።

«በሞቴ።»

«አልበላም አልኩ እኮ።»

«አልሰማሁሽም።»

የወይንሐረግ አፏን ከፈተች። ጉንጯን ሞልታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች፣ ዓይኗን ዳክዬዋ ላይ ተክላ አላመጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች፣ ገና በንዴት።