በሦስት በሦስት የሚታሰሩ ኖታዎች

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኦርኬስትራውን ኖታ በብዕር የገለበጠችው እሷ ናት። ሙዚቀኞቹ «እጀ ወርቅ» ይሏት ነበር። ታናሽ እህቷንም ያስቀጠረቻት ራሷ ናት፤ በኋላ «በገዛ እጄ!» እያለች ጣቷን ነከሰች እንጂ።

ኮምፒውተር መጣ። ኖታ የሚጻፍበት ፕሮግራም ሥዕል አያውቅም፤ ድምፁም ቅርጹም በፊደል ይጻፍለታል፣ እሱ ገጹን ያወጣል። የታላቂቱ ገጽ ሲወጣ፣ አጫጭር ኖታዎችን አናታቸው ላይ የሚያያይዙት ወፍራም መስመሮች እንደ አሮጌ ጣሪያ ይንጋደዳሉ። ለብቻቸው የቆሙት ኖታዎች ጅራትም ከጎረቤት ይላተማል። ታናሺቱ ግን በሁለት ቃል ትእዛዝ መስመሩን ታቀናለች፣ ጅራቱን ታሳጥራለች።

አንድ ጠዋት የኦርኬስትራው መሪ አንድ ገጽ ወደ መስኮት አስጠግቶ፣ «ይሄን ማን ሠራው? ዓይን ያሳርፋል እኮ!» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ታናሺቱ አፈር ብላ።

«እጀ ወርቅ ሁለት ሆናችኋላ!»

ሁለት! ታላቂቱ ፈገግ አለች፤ አንጀቷ ግን አረረ።

እህቷ ለምሳ ስትወጣ የእሷን ኮምፒውተር ከፈተች። ታናሺቱ የምትጽፈው ዜማ በሦስት በሦስት የሚቆጠር ነው፤ ኖታዎቹም እንደዚያው እንዲታሰሩ የምታዝ አንዲት መስመር አለች። ሦስቱን ሁለት አደረገችው። ታናሺቱም ሳትጠረጥር አትማ ለሙዚቀኞቹ አደለች።

በልምምዱ ቫዮሊኖቹ እንደ ሰካራም ተደናቀፉ። መሪው አስቆማቸው።

ታናሺቱ ኖታዎቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ «በሦስት ነበር ያሰርኩት... መሰለኝ። ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለች።

ታላቂቱ የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። «ያንቺ አይደለም። እኔ ነኝ የነካካሁት። አውቄ ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ለምን፣ እትዬ?»

«ቀናሁ።»

ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል ሆድና ጀርባ ሆነው ሠሩ። ታናሺቱ ኮምፒውተሯን በይለፍ ቃል ቆለፈች። መሪው ደግሞ የታላቂቱ ገጽ ሁሉ በታናሺቱ እንዲታይ አዘዘ፤ ይሄ ከሁሉም አመማት። እየመረራት ትሰጣለች፣ እህቷ ያለ ቃል በቀይ አርማ ትመልሳለች።

በአራተኛው ሳምንት ከቀዩ ምልክት አጠገብ አንድ ትእዛዝ ተጽፎ መጣ፤ ከሥሩ «ይቺን ሞክሪያት» ይላል። ሞከረችው። መስመሩ ቀጥ አለ።

«አይ ያንቺ ጭንቅላት!» አለች፤ ግማሹ ምርቃት፣ ግማሹ እርግማን። እህቷ ስቃ ወንበሯን አስጠጋችላት።

ዛሬ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። መሪው ታናሺቱን ሲያመሰግን ግን ታላቂቱ አሁንም ውሃ ጠማኝ ብላ ትወጣለች።