በመዳፍ የታየ ጉልበት

ጎረቤቴ የተጨረመተ መኪና የሚያቃና የላሜራ ሠራተኛ ነው። እኔ ጎሚስታ ነኝ። መሃላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ መዶሻውን ባሳረፈ ቁጥር የኔ ጎማዎች ይነጥራሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ወጌሻ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ ሌላ ጋራዥ «አይሆንም፣ በሩን ቀይረው» የተባለ መኪና እሱ ዘንድ ገብቶ ደህና ሆኖ ሲወጣ ስላየሁ ነው።

ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። የጎደጎደውን በር ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ይገፋና፣ ሊጨርስ ሲል ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያሳልፍበታል። «ዓይን ቀለም ያታልለዋል» ይላል። «መዳፍ ግን አይሳሳትም።» እኔም «እንግዲያው ዓይንህን ሽጠውና እንብላበት» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ብዙ ወሬ የለውም። ሲናደድ እንኳ የሚናደደው በመዶሻው ነው። አፉን የሚከፍተው ስለ ልጁ ሲነሳ ብቻ ነው።

አንድ ልጁ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በወጣት ሴቶች ቡድን በቀኝ ክንፍ ኳስ ትጫወታለች። እሷ የምትጫወት ቀን ጋራዡ ተዘግቶ ይውላል፤ የደንበኛውን ጩኸት የምቀበለው እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን ኳስ ይዛ ልትዞር ስትል እግሯ እንደተተከለ ቀረ። ሰውነቷ ዞረ፣ ጉልበቷ አልዞረም። ማንም አልነካትም፤ ጅማቷ ግን ተበጠሰ።

በኦፕራሲዮን አዲስ ጅማት ተተክቶላት በደህና ወጣች። አሠልጣኟ ሊጠይቃት መጣና «ቦታሽን እስከ ውድድሩ መክፈቻ ለማንም አልሰጥም» አላት። ደግ የተናገረ መስሎት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ከዚያ መክፈቻ ሌላ የሚታያቸው ነገር ጠፋ።

ሐኪም ቤት እግሯን የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስት ለአባትየው የነገረችው ግልጽ ነበር። «ማታ ማታ ጉልበቷን ትንሽ ትንሽ ያጥፉላት። ሲያማት ያቁሙ። እንዳይቸኩሉ።» እናትየው ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ማታ ፈረቃ ስለምትገባ ሥራው በሱ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሞ የገዛ ክንዱን እያጠፈ «እዚህ ድረስ ደርሳለች» ይለኛል። ከዚያ ጉልበቷ አልታጠፍም ብሎ ቆመ። ፊዚዮቴራፒስቷ «ያለ ነገር ነው፣ ይታገሱ» አለች። ለሱ ግን መክፈቻው እየደረሰ ነው።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» አለኝ። «ዝም ካልኩት እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል።»

«ያ ብረት ነው። ይሄ እኮ ሥጋ ነው።»

«አንተ ጎማህን ንፋ» ብሎ ዘጋኝ።

ማታ ማታ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉልበቷ ላይ ያደርግላት ጀመር። ፎጣውን ሲያነሳ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና፣ በአንድ እጁ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ፣ ሌላውን መዳፍ ጉልበቷ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ልማዱ ነዋ! ከዚያ ይገፋል።

«አመመሽ፣ የኔ እናት?»

«አላመመኝም፣ አባዬ።»

«ትንሽ ልጨምር?»

«ጨምር።»

ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳ ውሎ፣ እራቱን ሳይቀምስ እግሯ ሥር ሲቀመጥ ታየዋለች። አመመኝ ካለች እንደሚያቆም ታውቃለች፤ ካቆመ ደግሞ መክፈቻው አመለጣት። ስለዚህ የትራሷን ጫፍ ነክሳ ዝም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ዓይኑን ገልጦ ቀና ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የጎደጎደ ላሜራ ወደ ቦታው ሲመለስ ጧ ይላል። ለሠራተኛው ከዚያች ድምፅ የሚበልጥ ደስታ የለም። አንድ ማታ መዳፉ ሥር የሆነ ነገር ጧ ብሎ ለቀቀ፣ ጉልበቷም እጥፍ አለ። «ገባ!» ብሎ ጮኸ፤ ግንባሯንም ሳማት። ጠዋት እየሳቀ መጥቶ «ተላቀቀ እኮ!» አለኝና ሻይ ጋበዘኝ። ጠጣሁለት። እኩለ ቀን ላይ ጉልበቷ አብጦ ሱሪዋ አልወጣ ብሎ በመቀስ ተቀደደ።

በአንድ ደንበኛዬ መኪና ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቷን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደረጃ ላይ ወደቅኩ» አለች ልጅቷ፣ ፈጠን ብላ።

ወጌሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዝም ቢል ዝም ይባልለት ነበር፤ እኔም አፌን ይዤ እቀር ነበር።

«ቤታችን ደረጃ የለውም» አለ። «እኔ ነኝ። ገፋኋት።»

ሴትየዋ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ሲገፏት ምንም አላለችም?»

«አላለችም።»

«ፊቷንስ አላዩትም?»

መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው።

አዲሱ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ ሌላ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልግ ተናገረ። በእግሯ ትሄዳለች፣ ኳስ ግን ይቅርባት አለ። ስንመለስ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ «ለምን ነገርካቸው?» እያለች አለቀሰች። ስለ ጉልበቷ ያለቀሰችው በኋላ ነው። እናትየው የትራሱን ጨርቅ ልታጥብ ስታወጣ ጫፉ በጥርስ ተበልቶ አገኘችው፤ ወስዳ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

በመክፈቻው ቀን ጋራዡን ከፍቶ ሲቀጠቅጥ ዋለ። አንድ ሹፌር መጥቶ «ወጌሻ የለም?» ሲል «ወጌሻ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብዬ መለስኩት። ስሙን ያወጣሁ እኔ፣ የቀበርኩትም እኔ።

ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ትዕዛዙ ተለወጠ። ጉልበቷን የምታጥፈው ራሷ ናት። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፊቷን ብቻ እንዲያይ፣ እጁንም እንዳያነሳ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ሳይጀምር እኔ ዘንድ መጥቶ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት አደረች?» አልኩት።

«ራሷ አጠፈችው። ከንፈሯ ነጣ፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ። አመመሽ ስላት አላመመኝም አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ፣ ተይው አልኳት።»

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ያኔም ፊቷ እንዲህ ነበር ማለት ነው» አለኝ። «በየማታው።»