ካሜራው ያልተቀበለው ግንባር

በዚያች ጠባብ ክፍል አምስት ነበርን፤ መታወቂያ የሚመዘግበው ልጅ፣ በሩ ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ጥበቃ፣ ከዳባት ገጠር የመጡ እናት፣ አብራቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው፣ እና ለባለጉዳይ ቅጽ የምሞላው እኔ። ቦታው ለዳባት በሚቀርበው ትልቅ ከተማ አራዳ ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

እናትየው የመጡት በሟች ባላቸው ስም ያለውን መሬት ወደ ራሳቸው ለማዛወር ነበር። ያለ አዲሱ መታወቂያ አይዛወርም። ቀነ ገደቡም በዚያው ሳምንት የሚያበቃ ነበር።

ካሜራው ሦስት ጊዜ አነሳቸው፤ ሦስቴም ኮምፒውተሩ «ፊት ተሸፍኗል» ብሎ መለሳቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አወረዱ፤ ሻሻቸውን ፈቱ። እንደ መሸፈኛ የተቆጠረባቸው ግን ጨርቅ አልነበረም። በልጅነታቸው ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል ነው፤ አረንጓዴ፣ ክንዶቹ ቅንድባቸው ጋ የሚደርሱ፣ ከግርጌው ሦስት ነጥቦች ያሉት። መዝጋቢው ፊት የሚመረምረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሆነ፣ ያ ካላሳለፈ እሱ ምንም ማድረግ እንደማይችል በትሕትና አስረዳቸው። ማሽኑን ሲያስተምሩት እንዲህ ያለ ግንባር ያሳየው ሰው አልነበረም ማለት ነው። እኛ አገር ግን በየቤቱ አለ።

ፓውደር ይቀቡ ያልሁት እኔ ነኝ። ልጃቸው ከቦርሳዋ አውጥታ ቀባቻቸው።

«ምነው እታለም፣ ሊድሩሽ ነው እንዴ?» አሉ ጥበቃው።

«አዎ፣ ለመሬቴ ነው የሚድሩኝ» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

አራተኛው ፎቶ አለፈ። መዝጋቢው «ሸጋ ሆነ» ብሎ ምስሉን አዞረላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

«መስቀሌስ?»

መዝጋቢው ማሽኑ ከነመስቀላቸው እንደማይቀበላቸው ደግሞ ነገራቸው። በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን እየጠረጉ ተነሡ።

«እንግዲያ መሬቱን ለሷ ስጧት» አሉ ወደ ምስሉ እያመለከቱ።

ልጃቸው እያለቀሰች ተከትላቸው ወረደች። ጥበቃውም ሊያነጋግሯቸው ተከትለው ወረዱ። እኔ ቅጹን እንደያዝሁ ቀረሁ፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነበር። ሳምንቱ አለቀ፤ አልተመለሱም።

የሆነውን ሳላዛንፍ መጻፍ እወዳለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም። መዝጋቢው ወንድሜ፣ ያን ፎቶ አጠፋኸው ወይስ እስካሁን እዚያው አለ? አያ፣ ደረጃው ላይ ያነጋገሯቸው እርስዎ ነዎት፤ ምን አሉዎት? አንቺም እህቴ፣ ይህ ከደረሰሽ፣ ዘንድሮ መሬቱን ማን እንዳረሰው ንገሪኝ።