እዚህ ይወረዳል

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለችው ከታጁራ ወደ ዳይ ጫካ የሚወጣው የተራራ ብስክሌት መንገድ ካርታ አልተጠናቀቀም፤ መስመሩ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ቆሟል። ካርታውን የሚሠሩት ሰው ትናንት ማታ አርፈው ዛሬ ጠዋት ተቀበሩ።

የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ነበሩ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው። እኔ ወደምሠራበት መዝገብ ቤት ይመጡ የነበረው የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ግመል ያጠጡባቸውን ጉድጓዶች ስም ለማመሳከር ነው። የሱሪያቸውን ቀኝ እግር የብስክሌታቸው ካቴና እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል፤ ቢሮ ገብተውም አያወልቁትም። ራሳቸው ያልነዱበትን አንድ ሜትር እንኳ አይስሉም ነበር።

ካርታው ላይ ዐሥራ ሰባት ቦታ «እዚህ ይወረዳል» ብለው ጽፈዋል። እኔ ግልጽ ይሁን ብዬ ሁሉንም «ቁልቁለት» በሚል አረምኩት።

አይተው ሳቁ። «ናዒማ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይኼን ነው? ከብስክሌት ነው የሚወረደው! ቦታው ሜዳ ነው። መንገዱ ዳር የነጋዴዎቹ መቃብር አለ። ቁልቁለት ካልሽውማ ጎረምሳው ሁሉ እየበረረ ያልፍባቸዋል።»

«እርስዎ ሁልጊዜ ይወርዳሉ?»

«ወርጄ ለሙታኑ ፋቲሃ እቀራለሁ። ስማቸውን የሚያውቅ የለማ።»

ዐሥራ ሰባቱንም እንደነበሩ መለስኳቸው። ሥራዬ ስም መጠበቅ ነው፤ ስም ለሌለው ሰው እንዲህ የሚጠነቀቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ትናንት ጠዋት ከማዕከላዊ ገበያ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ገዙ፤ የዳይ ሰዎች በየመውረጃው ያሉትን ድንጋዮች እንዲቀቡበት። ክዳኑን በጨርቅ አጥብቀው አሰሩና ወደብ ሄደው ለታጁራ ጀልባ አስረከቡት።